ሕፃናቱን ሁሉ «ሪፈር» የሚል የመስማት መመርመሪያ

ጥያቄ፦ በሆስፒታላችን ማዋለጃ ክፍል የምንጠቀምበት በእጅ የሚያዝ የኦኤኢ (የውስጥ ጆሮ የሚመልሰውን ድምፅ የሚለካ) መሣሪያ ከሁለት ሳምንት ወዲህ አብዛኞቹን ጨቅላዎች በሁለቱም ጆሮ «ሪፈር» (አላለፈም፣ እንደገና ይታይ) ይላል፤ አንዳንዶቹ ሲደገምላቸው «ፓስ» (አልፏል) ያገኛሉ። ሕፃናቱ ተኝተው ነው የሚመረመሩት፤ የጫጫታ አመልካቹም አረንጓዴ ነው። ባትሪ ቀይረናል፤ የፕሮቡንም (ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የመሣሪያውን ክፍል) ቀዳዳ ባልደረባችን በመርፌ ጠርጎታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከገለጹልኝ ምልክቶች ተነሥቼ የምጠረጥረው የሕፃናቱን ጆሮ ሳይሆን ፕሮቡን ነው። ጫጫታ ቢሆን ኖሮ አመልካቹ ይናገር ነበር። ጸጥታ ባለበት፣ በተከታታይ ሕፃናት ላይ፣ በሁለቱም ጆሮ የሚመጣ ሪፈር ከሁሉ በፊት የሚጠቁመው፣ ጨቅላው ይዞት በሚወለደው ነጭ ቅባት የተደፈነ ቀዳዳን ነው። መርፌው ደግሞ ቅባቱን ወደ ማይክሮፎኑ ሳይገፋው አልቀረም። በመርፌ የተጠረገ ፕሮብ ስንት ጊዜ እጄ እንደገባ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ጥቂት ቅባት ይህን ያህል የሚጎዳበትን ምክንያት ላብራራ። ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ይፋ እንዳደረገው፣ ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው እርሱም መልሶ ድምፅ ያወጣል። መሣሪያዎ ሁለት ድምፆችን አብሮ የሚልክ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ 3279 እና 4000 ሄርዝ ሲልክ፣ ጆሮው በ2558 ሄርዝ አካባቢ ሦስተኛ ድምፅ ይመልሳል። ይህ ምላሽ ከተላኩት ድምፆች ከ40 ዴሲቤል በላይ ሊያንስ የሚችል ሲሆን፣ ድምፁ ሲሄድም ሲመለስም በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ማለፍ ስላለበት የድፍኑ ጉዳት እጥፍ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ማይክሮፎኑ በከፊል ሲደፈን መሣሪያው የላከው ድምፅ ያነሰ መስሎት ሊያጎላው መቻሉ ነው፤ ያን ጊዜ የራሱ የድምፅ ማጉያ የሚፈጥረው መዛባት የጆሮ ምላሽ መስሎ ሐሰተኛ ፓስ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ፓስ እስኪመጣ ድረስ አይደጋግሙ።

የፕሮቡ ጫፍ የሚነቀል ከሆነ ነቅለው በአዲስ ይተኩት፤ መለዋወጫ ከሌለዎት ከመሣሪያው ጋር በመጣው የማጽጃ ክር ከኋላ ወደ ፊት ይሳቡበት፤ ወደ ውስጥ አልኮል አያስገቡ። ቀጥሎ ፕሮቡን በመሞከሪያው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ይፈትሹት። ጆሮ በሌለበት ፓስ ካለ መሣሪያውን ከሥራ ያውጡት። ከዚያም መስማቱ በተረጋገጠ አዋቂ ጆሮ ይሞክሩት፤ በዚህኛው ፓስ ማለት አለበት። ሁለቱን ፍተሻዎች በየማለዳው መዝግቡ።

ከገበያ በርካሽ የሚገዙት ጠንካራ የጆሮ ጎማዎች (በፕሮቡ ላይ የሚጠለቁት) የጆሮውን ቦይ ስለማይዘጉ ድምፅ ያሾልካሉ፤ ለመሣሪያው የተሠራውን፣ ለጆሮው የሚበቃውን መጠን ይምረጡ። ጆሮውን በቀስታ ወደ ኋላና ወደ ታች ስበው ያስገቡት። ሕፃኑ ከተወለደ 24 ሰዓት ካልሞላው በጆሮው ውስጥ ያለው ቅባትና ፈሳሽ ራሱ ሪፈር ያመጣልና፣ እናቲቱ ቀድማ ከወጣች በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ ካልሆነም በ45 ቀን ክትባት ቀጠሮ ይመርምሩት። በጽኑ ሕክምና ክፍል ከ5 ቀን በላይ የቆዩት ግን የመስማት ነርቭን በሚፈትሸው ኤኤቢአር መታየት አለባቸው፤ ኦኤኢ የነርቭን ችግር አያሳይም።

አሁንም እደግመዋለሁ፤ ፓስ እስኪመጣ አይደጋግሙ። የሁለቱን ሳምንታት መዝገብ አውጥታችሁ ሪፈር የተባሉትን ብቻ ሳይሆን ከድግግሞሽ በኋላ ያለፉትንም ጥሯቸው፤ ፕሮቡ ከተስተካከለ በኋላ ሁሉንም እንደ አዲስ መርምሩ።