ፕሮቲን የሚቆርጠው ኪኒን ለጉልበቴ ይሆነኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ58 ዓመት ሴት ነኝ። ቀኝ ጉልበቴን መታመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ደረጃ ስወርድ ይብስብኛል፣ አልፎ አልፎም ያብጣል። ጓደኛዬ ሴራሺዮፔፕቲዴዝ የሚባል ኪኒን ሰጥታኝ «ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው፣ እብጠቱን ቆራርጦ ያወጣልሻል» አለችኝ። አሥር ቀን ወሰድኩት። ልጄ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሲያነብ የመገጣጠሚያን ልም አጥንት የሚበሉት ራሳቸው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ናቸው የሚል አገኘ። ግራ ገባኝ። በሽታውም መድኃኒቱም አንድ ይሆናል? ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ስለምወስድ ደግሞ ኪኒን መደራረብ አልወድም።

መልስ፦ እንኳን ጻፉልኝ። ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልጀምር፤ እርስዎ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ለእኔ ትልቁ ነገር ነውና። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ያንን ኪኒን ዛሬውኑ ያቁሙት። ዋርፋሪኑን ግን በራስዎ እንዳይነኩት፣ እሱን ድንገት ማቋረጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ሴራሺዮፔፕቲዴዝም ሆነ ከአናናስ የሚወጣው ብሮሜሊን ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲደረቡ የመድማት አደጋን ሊጨምሩ ይችላሉ። ድድዎ ከደማ፣ ሳይመቱ ቆዳዎ ከበለዘ፣ ሽንትዎ ከቀላ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ነገ ሳይሉ ይታዩ። ምንም ባይኖር እንኳ ዋርፋሪን ለሚከታተልልዎ ሐኪም ስለ አሥሩ ቀን ይንገሩት፣ የደም ምርመራውን ቀደም አድርጎ ሊደግምልዎ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ልጅዎ ልክ ነው። ጓደኛዎም ዝም ብላ አልፈጠረችውም። ሁለቱም የአንድ ነገር ግማሽ ግማሹን ነው የያዙት።

ሰውነታችን ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ከ500 በላይ አሉት። ብዙ ሰው የሚያውቀው የበላነውን የሚፈጩትን ነው። ሌሎቹ ግን መፍጨት ብቻ አይደለም ሥራቸው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፣ የረጋውን የሚያሟሙትም እነሱ። ቁስል ሲድን የሞተውን ሥጋ ይጠርጋሉ። ጀርም ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ከረጢታቸው ውስጥ ያከማቹትን ቆራጭ አውጥተው ይደፉበታል።

ሰውነት ሲቆጣ፣ ማለትም አንድ ቦታ ሲቀላ፣ ሲሞቅ፣ ሲያብጥና ሲያም፣ መልእክቱ የሚተላለፈውም በመቁረጥ ነው። ቲኤንኤፍ የሚባለውን የቁጣ መልእክተኛ ውሰዱ። መጀመሪያ በሴሉ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1997 ማንነቱ የታወቀ አንድ ኢንዛይም መጥቶ ከሥሩ ሲቆርጠው ነው ተለቆ ወደ ጎረቤት ሴሎች የሚሄደው። ኢንተርሊዩኪን-1 የተባለው ሌላው መልእክተኛም ሴሉ ውስጥ ታሽጎ ይጠብቃል፤ ካስፔዝ-1 የሚባለው ቆራጭ እስኪደርስለት ድረስ ሥራ አይጀምርም።

ስለ ልም አጥንት ደግሞ አንድ የምወደው ሙከራ አለ። የእንቁራሪት እጭ፣ ያቺ ውሃ ውስጥ የምትዋኘው ጭራ ያላት፣ አድጋ እንቁራሪት ስትሆን ጭራዋ የት ይገባል? ጀሮም ግሮስና ሻርል ላፒዬር እ.ኤ.አ. በ1962 የጭራዋን ቁራጭ ወስደው ከኮላጅን በተሠራ ዝልግልግ ነገር ላይ አስቀመጡት። ኮላጅን ማለት ቆዳን፣ ጅማትንና ልም አጥንትን አጥብቆ የሚይዝ ገመድ የመሰለ ፕሮቲን ነው፣ በቀላሉ የሚበጠስ አይደለም። የረጋው ኮላጅን ደብዘዝ ያለ ነው። ቆይተው ሲያዩት በቁራጩ ዙሪያ ጠርቷል፣ ሟሙቷል። ሥጋው ራሱ ገመዱን የሚቆርጥ ኢንዛይም እያወጣ ነበር። ጭራዋ የትም አልሄደችም፣ ከውስጥ ተቆራርጣ ነው ያለቀችው።

የዚያ ኢንዛይም ዘመዶች እርስዎ ጉልበት ውስጥም አሉ፣ እኔም ጉልበት ውስጥ አሉ። በደህና ጊዜ ያረጀውን ትንሽ ትንሽ ያነሳሉ፣ ሴሎቹ አዲስ ይተካሉ። መገጣጠሚያው ሲጎዳ፣ በዕድሜና በጫና ሲደክም ሚዛኑ ይዛባል። ኤምኤምፒ-13 የሚባለው ቆራጭ ኮላጅኑን፣ አዳምቲኤስ-5 የሚባለው ደግሞ ልም አጥንቱን እንደ ስፖንጅ ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገውን ፕሮቲን ከሚገባው በላይ ይቆርጡታል። ብጥስጣሹ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚለብጠውን ስስ ሽፋን ያስቆጣዋል። የተቆጣው ሽፋን ቲኤንኤፍና ኢንተርሊዩኪን-1 ይለቃል። እነሱ ደግሞ ሴሎቹን «ጨምሩ» ይሏቸዋል፣ ቆራጩም ይበዛል። ልጅዎ ያነበበው ይሄንን ነው።

ታዲያ በደህና ጊዜ የሚገታቸው ምንድን ነው? ሰውነት ለቆራጮቹ ዘብ አቁሞላቸዋል። ዘቡ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በደንብ የታየው ሳንባ ላይ ነው። ሎሬልና ኤሪክሰን የተባሉ ሁለት የስዊድን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ 1,500 የሚጠጉ የደም ናሙናዎችን ሲመለከቱ በ5ቱ ላይ በምርመራው ላይ እንደ መስመር ሆኖ ሁልጊዜ መታየት የነበረበት አንድ ፕሮቲን ጠፍቶ አገኙት። ከእነዚያ ሰዎች ሦስቱ ገና በወጣትነታቸው ሳንባቸው ተጎድቷል። የጠፋው ፕሮቲን ከጉበት የሚወጣ፣ ኢላስቴዝ የሚባለውን የነጭ ደም ሴል ቆራጭ የሚይዝ ዘብ ነበር። እሱ ከሌለ ጀርም ሊገድል የመጣው ኢላስቴዝ የሳንባውንም መለጠጫ ይበላል። የሲጋራ ጭስ ይህንኑ ዘብ አቃጥሎ ከሥራ ውጪ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የሚያጨስ ካለ ከእኔ ይህችን ይስማ።

ይህን ሲያውቁ ተመራማሪዎች «እንግዲያው ቆራጮቹን የሚያግድ መድኃኒት እንሥራ» አሉ። ነገሩ እንደታሰበው አልሆነም። ማሪማስታት የተባለው መድኃኒት ለካንሰር ተብሎ ብዙ የዚህን ቤተሰብ ኢንዛይሞች በአንድ ላይ እንዲያግድ ነበር የተሠራው። በሽተኞቹ ትከሻቸውን፣ እጃቸውን፣ መገጣጠሚያቸውን ያማቸው፣ ይደርቅባቸውም ጀመር። ቆራጭን በጅምላ ማሰር ራሱ ያሳምማል ማለት ነው። አዳምቲኤስ-5ን ብቻ ለይቶ ማገድስ? እ.ኤ.አ. በ2005 ይህ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ልም አጥንታቸው ሳይጎዳ ሲቀር ሁላችንም ተስፋ አድርገን ነበር። ከ900 በላይ ሰዎች ላይ ለ52 ሳምንት የተሞከረው አጋጅ ኪኒን ግን የልም አጥንቱን መሳሳት መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ኪኒን በተሻለ አላቆመም። ያሳዝናል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

የተሳካም አለ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው የታወቀ አንቲባዮቲክ በጣም አነስ ባለ መጠን፣ 20 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጀርም ሳይገድል የድድን ቆራጮች ስለሚያረግብ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለድድ በሽታ ተፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ብሬንሶካቲብ የሚባል ኪኒን ብሮንኪኤክታሲስ ለተባለው የሳንባ በሽታ እዚያው ተፈቀደ። እሱ የነጭ ደም ሴል ቆራጮች ገና መቅኔ ውስጥ ሳሉ ስለት እንዳያወጡ ነው የሚያደርገው። ለጉልበት ግን ሁለቱም አይደሉም፣ እንዳይገዙ።

ወደ ጓደኛዎ ኪኒን እንመለስ። ቆራጭ ኢንዛይም ከውጭ ተሰጥቶ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ከአናናስ የተዘጋጀ ኢንዛይም የቃጠሎ ቁስል ላይ ተቀብቶ የሞተውን ሥጋ ያነሳል፤ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈቅዷል። ያ ግን ሐኪም እያየ፣ የሚቆረጠው ሥጋ ላይ በቀጥታ የሚደረግ ነው። በአፍ የተዋጠ ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ነው። ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ሊፈጩት ይሞክራሉ። አምልጦ ደም ውስጥ የገባውንም የሚጠብቀው አለ፣ አልፋ-2 ማክሮግሎቡሊን የሚባል እንደ ወጥመድ ያለ ፕሮቲን። ቆራጩ ማጥመጃውን ሲነክስ ወጥመዱ ይዘጋበታል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ጉልበትዎን ፈልጎ አግኝቶ፣ ደህናውን ትቶ እብጠቱን ብቻ ለይቶ ይቆርጣል ማለት ይከብዳል።

ሴራሺዮፔፕቲዴዝን ለረጅም ዓመታት ጃፓን ውስጥ ሲሸጥ የነበረው ኩባንያ ታኬዳ ነው። እንደገና በተደረገ ሙከራ ከማስመሰያ ኪኒን የተለየ ጥቅም ሳያሳይ ሲቀር እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱ ከገበያ አነሳው። «እኔን ግን ተሽሎኛል» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፣ አይዋሽምም። የጉልበት ህመም የሚመጣ የሚሄድ ነው። ሰው ኪኒን የሚጀምረው ደግሞ በባሰበት ሰሞን ነው፣ ከዚያ በኋላ በራሱም ጋብ ማለቱ አይቀርም።

እርስዎን በተመለከተ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት እብጠቱ ምን እንደሆነ ነው። ያበጠ ጉልበት በመርፌ ሲቀዳ ብዙ ይናገራል። ጥርት ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ከቱቦው ጀርባ ያለ ጽሑፍ የሚነበብበት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከመገጣጠሚያው መድከም ነው። ከደፈረሰና ጽሑፉ ካልታየ ነጭ የደም ሴል በዝቷል፣ ሪህ ወይም ሩማቶይድ (ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ደም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በራጅ ብቻ ይሄ አይለይም።

የተለመደው የመገጣጠሚያ መድከም ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው የጭን ጡንቻ ነው። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ቀኝ እግርዎን ቀስ ብለው ወደ ፊት ይዘርጉት። ከጉልበትዎ በላይ ያለው ጡንቻ ሲጠነክር በመዳፍዎ ይዳስሱት፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ እንደገና ቀስ ብለው ያውርዱት። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ክብደትዎ ከበዛ ደግሞ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ለማስታገሻ ተብሎ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በአፍ እንዳይወስዱ፣ ከዋርፋሪን ጋር ጨጓራ ያደማሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም በየቀኑ በብዛት ሲወሰድ የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምር መጠኑን ሐኪምዎ ይወስንልዎ።

ቀጠሮ ሲሄዱ የኪኒኑን ማሸጊያ ይያዙ። ጉልበትዎ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ።