ጫማ የሚመስለው ሰንጢ ጎረቤቶቹን አዛገ

ጥያቄ፦ ከአጎቴ የዕቃ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ሰንጢዎች ወረስኩ። ጫማ፣ ቁልፍ፣ ዓሣና ጠርሙስ የሚመስሉ ናቸው። ሁሉንም በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ዘግቼ አስቀመጥኳቸው። ውሃ ሳይነካቸው ከጫማው አጠገብ ያሉት ዛጉ። ምን ላድርግ? ዕድሜያቸውንስ በምን ልወቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጫማውን ከሣጥኑ ያውጡት። የቀረውን በኋላ ያነቡታል።

የጫማው እጀታ ሴሉሎይድ ሳይሆን አይቀርም። በናይትሪክ አሲድ ከታከመ ጥጥና ከካምፎር (ኃይለኛ ሽታ ካለው ነጭ የዛፍ ውጤት) የሚሠራ የድሮ ፕላስቲክ ነው። ሲያረጅ አሲድነት ያለው ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲታፈን ደግሞ አጠገቡ ያለውን ብረት ሁሉ ይበላል። እጀታውን በአውራ ጣትዎ ሞቅ እስኪል ይሹትና ያሽትቱት። ካምፎር ካምፎር ካለዎት እሱ ነው። በእሳት ለመፈተን ግን በፍጹም እንዳያስቡ፤ ሴሉሎይድ ቦግ ብሎ ነው የሚነደው።

ላብ የመሰለ እርጥበት ወይም ስንጥቅጥቅ ካዩበት መበላሸት ጀምሯል። መመለስ አይቻልም፣ ማዘግየት ግን ይቻላል። እኔ ሴሉሎይዶቼን ለየብቻ፣ ቀዝቀዝ ያለና አየር የሚገባበት ቦታ ነው የማኖራቸው። በላስቲክ አይጠቅልሏቸው።

የዛጉትን በስስ ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። እባክዎ በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉ! የዓሣው ቅርፊት አንዴ ከጠፋ አይመለስም፤ የሰንጢው ውበት ደግሞ እሱ ነው።

ለዕድሜው፣ ስለቱን ከፍተው ሥሩ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ እንዳለ በአጉሊ መነጽር ይዩ። እንዲህ ያሉ ሰንጢዎች ብዙዎቹ የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ሥራ ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አስገድዳለች፤ ስለዚህ የአገር ስም መኖሩ ራሱ ከዚያ በኋላ ለመሠራቱ ፍንጭ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለበት ከ1949 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ ነው።

ጠርሙሱን ግን ቶሎ አይለፉት። ጎኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርጭቆ ካለች ወደ ብርሃን አዙረው ዓይንዎን ያስጠጉ። ውስጧ ፎቶ ሊኖር ይችላል። ይህን የጥቃቅን ፎቶ ሥራ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳግሮን እ.ኤ.አ. በ1859 በስሙ አስመዝግቦታል። ቢራ ጠማቂው አዶልፈስ ቡሽ የራሱ ምስል በዚህ መልክ የገባባቸውን ሰንጢዎች በስጦታ ያድል ነበር። ፎቶውና ብርጭቆዋ በሙጫ ነው የተያያዙት፤ በአልኮል ወይም በቤንዚን ከተነከረ ምስሉ ሊጠፋ ይችላል። ጠርሙሱን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት፤ ዘይቱን ስለቱ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ ካደረጉለት ይበቃዋል።