ለልጄ ፊኛ አዲሱን መጣፊያ እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። የ9 ዓመቷ ልጄ ስትወለድ የጀርባ አጥንቷ ክፍት ነበር፤ በሕፃንነቷ ተዘጋላት። ሽንቷን ግን አሁንም አትቆጣጠርም። ሐኪሟ «ፊኛዋ ጠቧል፣ አይለጠጥም፤ ከአንጀቷ ቆርጠን እናሰፋዋለን» አለን። እኔ ደግሞ ከአሳማ አንጀት የሚሠራ መጣፊያ በእንስሳት ላይ እንደሚሞከር ሰማሁ። እሱ እስኪደርስ ብንጠብቅስ? የአሳማ መሆኑም አሳስቦኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «የጣና ውኃ ያመጣባት ነው» ትለኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የጎረቤትዎን ነገር ልጨርሰው። በጣና ዳር ያለው ቢልሃርዝያ (ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ) አንጀትና ጉበት የሚያጠቃው ነው፤ የፊኛው ዓይነት የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላዎች ነው። የልጅዎ ችግር የተጀመረው ገና በማኅፀን፣ በመጀመሪያው ወር ነው። ደግመው ለማርገዝ ካሰቡ ከማርገዝዎ በፊት፣ እንዲህ ያለውን ችግር ለመከላከል ስለሚወሰደው ፎሊክ አሲድ ስለተባለ ቫይታሚን ሐኪም ያማክሩ፤ ለእርስዎ የሚታዘዘው መጠን ከሌላው ሰው ከፍ ይላል።

ወደ መጣፊያው እንምጣ። በበዓል የታረደ በግ ፊኛ ልጆች ሲነፉት አይተው ይሆናል። ያ ስስ ነገር በሕይወት ሳለ ሽንት ሲሞላው ይለጠጣል እንጂ ግፊቱ እምብዛም አይጨምርም፤ ለመተካት ያስቸገረውም ይህ ጠባዩ ነው። የሰሙት መጣፊያ ከአሳማ አንጀት ሴሎቹ ታጥበው ወጥተው የሚቀረው ስስ መረብ ነው። ከእንስሳ ፊኛም፣ ከሐርም የሚሠራ አለ። ሰውነት እንደ ባዕድ እንዳይቆጣው፣ ድንጋይ እንዳይቋጥር፣ እንዳይኮማተር በአይጥ፣ በጥንቸል፣ በውሻና በአሳማ ይፈተናል። የውስጡ ሽፋን ቶሎ ይለብሳል። ጡንቻው ግን ከዳር እየተሳበ ስለሚገባ፣ መጣፊያው ሰፊ ሲሆን መሃሉ ደም ያጣና ጠባሳ ይሆናል። አይጥማ ፊኛዋ በአብዛኛው ቢቆረጥም በሳምንታት ውስጥ ታበቅለዋለች፤ ስለዚህ «በአይጥ ተሳካ» የሚል ዜና እኔን አይሞቀኝም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪው ሐኪም አንቶኒ አታላና ባልደረቦቹ ከውሾች የራሳቸውን ሴል ወስደው፣ አባዝተው በመጣፊያ ላይ ዘሩት፤ ፊኛው ወደ ቀድሞ መጠኑ ተመለሰ። በ2006 በ7 ሕሙማን ላይ ያዩትን አሳተሙ፤ ዓለም ተደነቀ። በ2014 የታተመው ሙከራ ግን እንደ ልጅዎ ባሉ 10 ልጆች ላይ ተሠርቶ ፊኛው የሚገባውን ያህል አልሰፋም፤ የአንጀት መዘጋትና የፊኛ መቀደድም አጋጥሟል። ውሾቹ የተቆረጠባቸው ጤነኛ ፊኛ ነበር፤ የልጆቹ ሴል ግን የተወሰደው ከታመመ ፊኛ ነው። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ አይጠብቁ። የፊኛው ግፊት ከ40 ሴንቲ ሜትር ውኃ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲያልፍ ሽንቱ ወደ ላይ እየገፋ ኩላሊት ይጎዳል፤ ኩላሊት ደግሞ የሙከራ ውጤት አይጠብቅም። ግፊቱ ተለክቶ እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ። በቀን በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ ሽንቷን በንጹሕ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ማስወጣትና ፊኛን የሚያላላውን ኦክሲቡቲኒን የተባለ መድኃኒት መውሰድ ብቻውን የሚያወርድላት ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ሊቆይ ይችላል። ካልወረደ ግን አንጀቱ ይሻላል። የራሷ አንጀት ስለሆነ የአሳማው ጭንቀትም ይቀርልዎታል። ዕዳ አለው እርግጥ፦ ንፍጥ ያመነጫል፣ ፊኛው መታጠብ አለበት፣ ድንጋይ ሊሠራ፣ የደም አሲድ ሊጨምር ይችላል፤ ካቴተሩም ክትትሉም ዕድሜ ልክ ነው።

አንድ ነገር ለቀዶ ሐኪሙ ሳይነግሩ እንዳይገቡ፦ እንደ እሷ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ላቴክስ ጎማ ስለሚያስቆጣቸው ጓንቱም ካቴተሩም ላቴክስ የሌለበት ይሁንላት።