ምልክቱን በመጨረሻ እዩት

ለጥንት ዕቃ ፍቅር ላደረባችሁ ወጣቶች፤

አሮጌ የፖርሴሊን ሳህን እጃችሁ ሲገባ ገልብጣችሁ ጀርባውን ለማየት አትቸኩሉ። የኖርኩበት ሙያ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን መመርመርና መገመት ነው። ብዙ ገዢ ገንዘቡን ሲያጣ ያየሁት ከጀርባ ባለችው ትንሽ የፋብሪካ ምልክት ተማምኖ ነው። ምልክት ማንም ይቀዳዋል፤ የሸክላውን ጥራትና የሠዓሊውን እጅ መቅዳት ግን ከባድ ነው።

የማይሰንን ሳህን እንውሰድ። አውሮፓ ነጩን ፖርሴሊን ለረጅም ዘመን ከቻይና እየገዛች ስትጠቀም አሠራሩን አታውቀውም ነበር። ወርቅ መሥራት እችላለሁ በማለቱ በዛሬዋ ጀርመን ያለችው የሳክሶኒ ገዢ ኃያሉ አውግስጦስ አስሮ ያስቀመጠው ዮሐን ፍሪድሪሕ ቦትገር፣ ከሊቁ ቺርንሃውስ ጋር ሲመራመር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1708 ምስጢሩ ላይ ደረሰ። በ1710 ድሬስደን አጠገብ ባለችው በማይሰን ከተማ ፋብሪካው ተከፈተ። ከ1720ዎቹ ጀምሮ ከሳህኖቹ ሥር ሁለት የተመሳቀሉ ሰማያዊ ሰይፎች ይሳሉ ጀመር። ስሙ በገነነ መጠን ሰይፎቹን የሚኮርጀው በዛ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ሳምሶን የተባለ ፋብሪካ የታወቁ ፋብሪካዎችን ሥራ ከነምልክታቸው እያስመሰለ ይሠራ ነበር፤ አንዳንዱ ቅጂ እጅግ ያማረ ስለሆነ ዛሬም ሰው ያሳስታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳህኑን መብራት ፊት ያዙትና ጣቶቻችሁን ከኋላው አንቀሳቅሱ። ፖርሴሊን ከሆነ ጥላቸው ያልፋል፤ ተራ ሸክላ ግን ብርሃን አያሳልፍም። ይህ ዕድሜውን አይነግራችሁም፤ ምን እንደያዛችሁ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ቀጥሎ ማጉያ መነጽር አንሡ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። አንዲት የአበባ ቅጠል መርጣችሁ በትዕግሥት እዩ። በእጅ የተሳለች ከሆነች ብሩሹ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ይወፍራል፣ ብሩሹ ወደተነሣበት ጫፍ እየሳሳ ይሄዳል፤ አጠገቧ ያለችውም ቅጠል ፈጽማ እርሷን አትመስልም። ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተደርድረው ካያችሁ ግን ሥዕሉ የታተመ ነው።

አሁን ገልብጡት። የማይሰን ሰይፎች የተሳሉት መስታወት መሰሉ ልባስ ከመቀባቱ በፊት ስለሆነ ጣት ሲያልፍባቸው ልስልስ ናቸው። ቀለሙ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ተጠራጠሩ። በሰይፎቹ ላይ የተፋቀ ጭረት ካለ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ጉድለት አግኝቶበት ደረጃውን ዝቅ ያደረገው ሳህን ነውና ዋጋው ይቀንሳል። ሳህኑ የሚቀመጥበትን ክብ ጠርዝም አትርሱ፤ የዘመን ጭረት ወዲያና ወዲህ የተበታተነ ነው፣ በአሸዋ ወረቀት የተፈተገው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። በእንግሊዝኛ የአገር ስም ተጽፎበት ካገኛችሁ፣ አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት በሕግ ያስገደደችው ከ1891 ጀምሮ መሆኑን አስታውሱ። እንዲህ ያለውን ሳህን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

ዋጋን በተመለከተ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን በጨረታ ተሽጦ ገንዘብ የተከፈለበትን ፈልጉ። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያወጣም። የዴንማርኩ የፖርሴሊን ፋብሪካ ቢንግ ኦግ ግሮንዳል በ1895 ያወጣው የመጀመሪያው የገና ሳህን (በየዓመቱ ለገና በዓል የሚወጣ ጌጠኛ ሳህን) በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነው፤ በ1970ዎቹ በገፍ የተመረቱት የገና ሳህኖች ግን ሣጥናቸው ሳይከፈት እንኳ በርካሽ ይሸጣሉ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅም ግምቱን በእጅጉ ትጥለዋለች። ሳህኑን ከሥሩ በጣቶቻችሁ ደግፋችሁ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት ብታበሩበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተጠገነው ቦታ በሌላ ቀለም ያበራል።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዋጋውን የማያውቁ አዛውንት ሳህናቸውን ሊሸጡላችሁ ቢመጡ፣ ያወቃችሁትን ሁሉ ነግራችኋቸው ከዚያ ተደራደሩ። ያልነገራችሁትን ሌላ ገማች ይነግራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ዕቃውን ይዞ ደጃችሁ አይመጣም።

የገዛችሁትን በለብታ ውኃ እጠቡ እንጂ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱ፤ የወርቅ ቅቡ ይለቃል። ስትደራርቡም በየመካከሉ ለስላሳ ጨርቅ አድርጉ። ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁ፣ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚጠብቀው የሽቦ ማንጠልጠያ ጠርዙን ይሸርፋልና ጫፉ በፕላስቲክ የተሸፈነውን፣ ልኩም ከሳህኑ ጋር የሚስማማውን ምረጡ።