የብረታ ብረት ሰርተፍኬት በብር ሲመነዘር ስንት ያወጣል? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን "ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወስጄ ምን አተርፋለሁ" የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ። ስለኔ ባጭሩ፣ ከረዳትነት የተነሳሁ በያጅ ነኝ፣ ቧንቧ መስመር ላይ ሰርቻለሁ፣ ኮሌጅ አስተምሬያለሁ፣ የሲኦሲ መዛኝም ነበርኩ። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ገርጂ በርና መስኮት ቤት ነው የምሰራው። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ቆርጬ በር ማቆም ራሴን ችያለሁ። ሲኦሲ ብይዝ አሰሪዬ ደሞዝ ይጨምርልኛል?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ አምስት ሳንቲም አይጨምርልህም። አሰሪህ እኮ እጅህን በየቀኑ እያየው ነው። ማዕዘኑ ወጥቷል ወይ፣ በሩ ሲዘጋ ይነክሳል ወይ፣ ግራይንደር ሲያልፍበት ብየዳው ቀዳዳ ያወጣል ወይ፣ ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል? ደንበኛውም በካሬ ነው የሚከፍለው፣ ማን በየደው ብሎ አይጠይቅም። ወረቀቱ ብር የሚያወጣው እጅህን አይቶ መፍረድ የማይችል ወይም በፊርማው የሚጠየቅ ሰው መሃል ሲገባ ነው። የመንግስት መስሪያ ቤት የሰው ሃይል፣ አማካሪ መሃንዲስ፣ ኤምባሲ፣ እነዚህ ናቸው። ወደነሱ ለመሄድ ሃሳብ ካለህ ያዘው፣ እዛው በር ቤት ልትቆይ ከሆነ ግን በዛ ብር ጥሩ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ብትገዛ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ እሺ ታዲያ የት ነው በደንብ የሚከፍለው?

መልስ፦ መጀመሪያ የመንግስት ቅጥር። ማስታወቂያው ላይ "ደረጃ 3፣ የብቃት ማረጋገጫ ያለው" ከተባለ ያለሲኦሲ ማመልከቻህን እንኳን አይቀበሉህም፣ እዚህ ላይ ወረቀቱ መግቢያ በር ነው በቃ። ደሞዙ ትንሽ ነው ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ጡረታ አለው፣ ማታና ቅዳሜ የራስህን ስራ መስራት ትችላለህ።

ትልቁ ብር ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፣ ታንከር፣ የግፊት ቧንቧ፣ ስቲል ስትራክቸር (የብረት ህንጻ አጽም)፣ የቢራና የወተት ፋብሪካ ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) መስመር። እዛ ደግሞ የኮሌጅ ዲፕሎማህንም ሲኦሲህንም ተቀብለው "ጥሩ፣ አሁን በይድ" ነው የሚሉህ። ሲክስ ጂ የሚባለው ፈተና እንዲህ ነው፦ ቧንቧው በ45 ዲግሪ ተጋድሞ ይታሰራል፣ እሱ አይዞርም፣ አንተ ነህ የምትዞረው፣ ተንበርክከህ ከስር ትጀምርና ቆመህ ከላይ ትጨርሳለህ። ሲቀዘቅዝ ከተበየደው ላይ ቁራጭ ይወጣና በፕሬስ ይታጠፋል፣ በተለጠጠው ፊት ላይ ከ3 ሚሊሜትር የሚበልጥ ክፍተት ከታየ ወደቅክ። ብዙ ጎበዝ የምንላቸው በር ሰሪዎች እዚህ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ ምክንያቱም እድሜ ልካቸውን 6013 የሚባለውን ተራ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ነው የያዙት፣ 7018 የሚባለው በደረቁ መያዝ እንዳለበት፣ ሩት ፓስ (ከስር የሚገባው የመጀመሪያው ብየዳ) ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ይሄን ያለፈ ሰው በቀን ዋጋ ነው የሚደራደረው፣ ከበር ቤት ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ የዚህ የሲክስ ጂ ወረቀት እድሜ ልክ ያገለግላል?

መልስ፦ ኧረ አያገለግልም! በኤኤስኤምኢ (የአሜሪካ መካኒካል መሃንዲሶች ማህበር) ደረጃ ሴክሽን 9 መሰረት በዛው የብየዳ አይነት 6 ወር ሳትሰራ ከቆየህ ብቃትህ ያበቃል። አይኤስኦ 9606 በሚባለው ዓለም አቀፍ የበያጅ ፈተና ደረጃ ላይም በየ6 ወሩ ሃላፊው ካልፈረመበት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፕሮጀክት ባለቀ ቁጥር በየትኛው ቀን ምን እንደበየድክ የሚገልጽ በማህተም የተደገፈ ደብዳቤ ሳትይዝ ከሳይት እንዳትወጣ። የሀገራችን ልጆች ይሄን ነው የሚረሱት፣ ከዛ ለሚቀጥለው ስራ ከዜሮ ይፈተናሉ።

ጥያቄ፦ ረዳት ነኝ፣ ስራ ትቼ 3 ወር ልማር አስቤ ነበር፣ ያዋጣል?

መልስ፦ አብረን እናስላው፣ ቁጥሩ የምሳሌ ነው። በቀን 800 ብር ታገኛለህ እንበል፣ በወር 26 ቀን ብትሰራ 20,800 ነው፣ በ3 ወር 62,400 ብር። የትምህርት ክፍያው ሳይቆጠር ማለት ነው። ከተመረቅክ በኋላ በወር 3,000 ብር ቢጨመርልህ ያጣኸውን ብቻ ለመመለስ ወደ 21 ወር ይፈጅብሃል። ሰው ሁሌ የሚያስበው የመመዝገቢያውን ብር ነው፣ ዋናው ወጪ ግን ያልሰራህበት ቀን ነው። ስለዚህ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፈልግ፣ ደሞዝህ አይቋረጥ። ሌላ ገቢ የሌለህና ቤት ኪራይ የምትከፍል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ስራህን እንዳትለቅ።

ጥያቄ፦ ኮሌጅ ሳልገባ ሲኦሲ መፈተን እችላለሁ? በልምድ ነው የለመድኩት።

መልስ፦ ትችላለህ፣ ሲስተሙ የተሰራውም ለዛ ነው፣ የት ተማርክ ሳይሆን ምን ትችላለህ ነው የሚባለው። ከተማህ ያለው የሙያ ብቃት ምዘና ማዕከል ሄደህ የልምድ ማስረጃ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅ። ፈተናው የጽሁፍና የተግባር ነው። በልምድ የመጡ ሰዎች የሚወድቁት ደግሞ ብየዳ ላይ እንዳይመስልህ! ስዕል ማንበብ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ 150 ሚሊሜትር ይላል፣ ልጁ በአይኑ ገምቶ ይቆርጣል። ሌላው መነጽር ሳያደርግ ግራይንደር ያነሳል፣ ጓንቱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ መዛኝ ይሄን እያየ ዝም ማለት አይችልም። ሌላው ስላጉን (ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) ሳያራግፍ፣ በብሩሽ ሳያጸዳ "ጨርሻለሁ" ይላል። የጽሁፉ ጥያቄዎች ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሚበዙ አንደርከት፣ ፖሮሲቲ፣ ፊሌት፣ ቢቨል የሚሉትን ከነትርጉማቸው ያዝ።

ጥያቄ፦ እኔ ፖሊቴክኒክ ነኝ፣ ማሽን ሾፕ (ብረት በማሽን መቅረጽ) ልግባ ወይስ ብየዳ ብዬ ተቸግሬያለሁ። ሴት ስለሆንኩ ብየዳ ይከብድሻል ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ የሚሉሽን ተያቸው፣ ቲግ የሚባለው በጋዝ የሚሰራው ስስ ብየዳ ጉልበት ሳይሆን የተረጋጋ እጅ ነው የሚፈልገው። ገንዘቡን ካየን ግን ብየዳ ቶሎ ይከፍላል፣ በትንሽ ካፒታል የራስሽን መክፈት ትችያለሽ። የማሽን ሾፑ ቶርኖና ፍሬዛ (ብረት መቅረጫዎቹ) ግን ማሽኑ ውድ ስለሆነ ተቀጥረሽ ነው የምትቆዪው፣ ግን እያደር ዋጋሽ ይጨምራል፣ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን) ከጨመርሽበት ደግሞ ፋብሪካዎች ራሳቸው ይፈልጉሻል። እኔ ብሆን ማሽን ሾፕ እገባና ቲግን በጎን እለምዳለሁ። ዞሮ ዞሮ ኮሌጅና ድርጅት አብረው በሚሰጡት ትብብር ስልጠና ላይ 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ከዲፓርትመንቱ ይልቅ የት ድርጅት እንደሚመድቡሽ ተከታተይ፣ ሶስት ማሽን ቆሞበት ሻይ የሚያስፈሉሽ ቦታ ከላኩሽ ጊዜሽ ባከነ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው ያለሁት። ሰርተፍኬቴ ከአገር ቤት ቢላክልኝ ደሞዝ ላይ ለውጥ አለው?

መልስ፦ ወንድሜ ኢቃማህ (የመኖሪያ ፈቃድህ) ላይ ሙያህ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? "አሚል" (ተራ ሰራተኛ) ከሆነ ሰርተፍኬቱ ብቻውን ምንም አይሰራልህም፣ "ላሃም" (በያጅ) እንዲሆን ከከፊልህ (ከአሰሪህ) ጋር ተስማምተህ "ቂዋ" በሚባለው የሳዑዲ የስራ ድረ ገጽ በኩል ሙያ ማስቀየር አለብህ፣ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ከመላኩ በፊት እዚህ በውልና ማስረጃ፣ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲው ይረጋገጥ፣ ኋላ ከዛ ሆኖ ማሯሯጡ ይከብዳል። ገና ላልሄዳችሁ ደግሞ፣ ከአዋጅ 923/2008 ጀምሮ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ መስፈርት ውስጥ ገብቷልና ዝም ብሎ ወረቀት አይደለም።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነኝ፣ አገር ቤት ደረጃ 4 ጨርሻለሁ፣ እዚህ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ ሾፖቹ አያውቁትም፣ ሬዙሜ ላይ ልምድ ብለህ ጻፈው። ደግነቱ የኤደብሊውኤስ (የአሜሪካ የብየዳ ማህበር) በያጅ ፈተና ኮርስ ውሰድ አይልህም፣ እውቅና ያለው መፈተኛ ሄደህ ከፍለህ ትበይዳለህ፣ ካለፍክ ያንተ ነው፣ በየ6 ወሩ ፎርም እየሞላህ ታድሰዋለህ። በሜይ 2023 የመንግስታቸው የስራ ስታቲስቲክስ መሰረት የበያጅ መካከለኛ ገቢ በዓመት 48,940 ዶላር ነበር፣ በሰዓት ወደ 23 ዶላር ተኩል። ኡበር ነድተህ ከምታገኘው ጋር፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን ጉዳት ቀንሰህ አስላውና ወስን።

ጥያቄ፦ ጀርመንስ?

መልስ፦ ረጅም ነው። ኑርንበርግ ያለው አይኤችኬ ፎዛ የሚባለው የውጭ የሙያ ማስረጃ መርማሪ ቢሮ ስልጠናህን ከነሱ የ3 ዓመት ተኩል ስልጠና ጋር ያወዳድራል። ሲኦሲ ብቻውን አይበቃም፣ ከነትራንስክሪፕቱና ከስራ ልምድህ ጋር ነው፣ ቋንቋውን ከአሁኑ ጀምር።

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልመጣለትም። እናቱ ቴክኒክና ሙያ ውርደት ነው ትላለች፣ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ አባቴ፣ በ2015 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ልጅዎ ብቻውን አይደለም። መጀመሪያ ግን አንድ ክረምት የሰፈር ብየዳ ቤት ረዳት ይሁን። ጭሱንና የአይኑን መንደድ ችሎ እየሳቀ ከመጣ ያስመዝግቡት። እናቱን የሚያሳምናት የልጁ የመጀመሪያ ደሞዝ ነው እንጂ የኔ ምክር አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ሳልፈተን ሲኦሲ በብር የሚያወጣልኝ ሰው አለ፣ ላናግረው?

መልስ፦ አታናግረው። ፎርጅድ ማስረጃ ወንጀል ነው፣ ማዕከሉ ደብዳቤ ተጽፎለት ሲያጣራ ይያዛል፣ ከስራም ትባረራለህ። ብርህን ለመለማመጃ ብረትና ኤሌክትሮድ አውለው።

ጥያቄ፦ የብየዳ ቤት ባለቤት ነኝ። ለሰራተኞቼ ሲኦሲ ከፍዬ ባስፈትናቸው ጥለውኝ አይሄዱም?

መልስ፦ አንዱ ይሄዳል፣ ልክ ነህ። ግን ትልልቅ ኮንትራክተሮች ስራ ሲሰጡህ የሰራተኞችህን ማስረጃ ይጠይቁሃል፣ ያኔ የምታቀርበው ከሌለህ ስራው ለጎረቤትህ ነው የሚሄደው። ክፍያውን ግማሽ አንተ ግማሽ እሱ አድርጉት፣ አንድ ዓመት ከቆየ የከፈለውን መልስለት፣ በጽሁፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ዋናውን ወረቀት ግን እንዳትይዝበት፣ ኮፒው ይበቃሃል።