የሳንሪዙካ ገበሬዎችና የናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቶኪዮ ሲበር የሚያርፍበት ናሪታ በገበሬዎች ተቃውሞ ስሙ ይነሣል። መነሻው ምን ነበር?

መልስ፦ መነሻው የአውሮፕላን ማረፊያው ቦታ ባለመሬቱ ሳይጠየቅ መወሰኑ ነው። መንግሥት በመጀመሪያ ያሰበው የናሪታ ጎረቤት የሆነችውን ቶሚሳቶን ነበር፤ በዚያ ተቃውሞ ሲበረታበት ግን በጁላይ 1966 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከነዋሪዎቹ ጋር ሳይመክር ዕቅዱን የናሪታ አካል ወደሆነችው ሳንሪዙካ አዞረው። ሳንሪዙካ የተመረጠችው የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ የእንስሳት እርባታ ስለነበረባትና ከግለሰብ የሚገዛው መሬት ያንሳል ተብሎ ስለታሰበ ነው። ይሁንና በዙሪያው ከሚያርሱት ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰፈሩ፣ ጫካውን መንጥረው፣ መሬቱ ኦቾሎኒና ስኳር ድንች እስኪሰጣቸው ድረስ ለዓመታት የለፉበት ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱ ምትክ መሬት መቀበል ያንን ልፋት እንደገና መጀመር ማለት ነበር። አደራ፣ ገበሬዎቹንና ሊያግዟቸው የመጡትን የተማሪ ቡድኖች አንድ አድርጋችሁ አትዩ።

ጥያቄ፦ ፖሊሶቹ የሞቱት ገበሬዎቹ የመቆጣጠሪያ ማማውን ሲይዙ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብዎታል። ሦስቱ ፖሊሶች የሞቱት በሴፕቴምበር 1971፣ መሬቱ በግዳጅ በሚወሰድበት ጊዜ ነው። በማርች 1978 በፍሳሽ ቦይ ሾልከው ማማው ላይ በመውጣት መሣሪያዎቹን የሰባበሩት ደግሞ ገበሬዎቹን ሊያግዙ የመጡ አክራሪ ቡድኖች ናቸው፤ በዚህም ምክንያት መክፈቻው ከማርች 30 ወደ ሜይ 20 ተላለፈ። ገበሬዎቹ በ1971 ያደረጉትን ማወቅ የሚፈልግ፣ መሬት ውስጥ ዋሻ ቆፍረው የተቀመጡትን፣ ራሳቸውን ከዛፍ ጋር በሰንሰለት ያሰሩትን ያስታውስ። ደግሜ እላለሁ፤ ገበሬውንና ተማሪውን ለዩ።

ጥያቄ፦ ካሳው ስንት ነበር?

መልስ፦ በዋጋ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ብዙዎቹ ሸጠው ሄደዋል፤ እስከ መጨረሻው የቀሩት ግን ዋጋ ለማስጨመር አልነበረም።

አንድ የውይይቱ አባል፦ አገር የሚያድገው በመሠረተ ልማት ነው፤ ጥቂት ቤተሰቦች የሚሊዮኖችን ጥቅም ሊያግዱ አይገባም።

ሌላ አባል፦ ጥቅሙ የሚሊዮኖች ከሆነ ጉዳቱ ለምን በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ይወድቃል?

የመጀመሪያው አባል፦ በዚህ አያያዝ የቢሾፍቱው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያም ሊቆም ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ቢሾፍቱ ራሱን የቻለ ውይይት ይፈልጋል፤ እባካችሁ እዚህ አታምጡት።

ጥያቄ፦ ለአንድ ሄክታር ስንት ተከፈለ?

መልስ፦ ስለ ካሳ ከላይ መልሻለሁ። ያለፈውን ሳታነቡ አትጠይቁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ መንግሥት ስህተቱን አመነ?

መልስ፦ ይህ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው። ከኖቬምበር 1991 ጀምሮ ምሁራን የመሩት ሕዝባዊ ጉባኤ ተካሄደ፤ ተቃዋሚዎቹና የመንግሥት ሹማምንት በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ተከራከሩ፣ መንግሥትም ለቀረው መሬት የግዳጅ መውሰጃውን መንገድ ተወ። በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትር ሙራያማ ይቅርታ ጠየቁ። ምክክሩ የመጣው ግን ከውሳኔው 25 ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ያልተሸጡት ማሳዎች በአውሮፕላን ማረፊያው ቅርጽ ላይ ታትመው ቀሩ። 2,500 ሜትር እንዲሆን የታቀደው ሁለተኛው ማኮብኮቢያ በ2002 ሲከፈት 2,180 ሜትር ብቻ ነበር፤ ወደታሰበው ርዝመት የደረሰው በ2009፣ ወደ ሰሜን ተቀጥሎ ነው። አውሮፕላኖች የሚንሸራሸሩበት መንገድም ማሳውን ለመዞር ለዓመታት ጎብጦ ኖሯል።

ጥያቄ፦ አሁንስ ነገሩ አለቀ?

መልስ፦ አላለቀም። በፌብሩዋሪ 2023 በፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ የቆመው የተቃውሞ ማማ በግዳጅ ፈርሷል። 3,500 ሜትር የሚረዝም ሦስተኛ ማኮብኮቢያም እየተሠራ ነው። ለዚህኛው በ2018 መንግሥት፣ የቺባ ክፍለ ሀገርና ዘጠኝ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤቶች አስቀድመው ተስማምተዋል፤ ከ1966ቱ ጋር ሲተያይ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን የማዘጋጃ ቤት ፊርማ የባለማሳው ፈቃድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየግሉ መጠየቅ አለበት።