«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ይሉኛል

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ጥርስህን እንቦርሽ ስለው አልጋ ስር ይገባል። ማታ ወተት በስኳር ካልጠጣ አይተኛም። ከታች ሁለት መንጋጋዎቹ ጠቁረዋል። አማቴ የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል ይላሉ። ጎረቤቴ የድሬ ውሃ ነው ትለኛለች። ባለፈው ወር ጉንጩ ትንሽ አብጦ ነበር፤ ከእህቱ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጠሁትና ጠፋለት። የትኛውን ኮልጌት ብገዛለት ይሻላል? ደግሞስ አዲሱ ጥርሱም ጥቁር ሆኖ ነው የሚበቅለው?»

መልስ፦ «እርስዎ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ድሬ ላይ አንቱታ የሚናፍቅ ሰው የለም፤ እኔም አንቺ ልበልሽ።

ስለ ኮልጌቱ እመለስበታለሁ። ይህን ያጻፈሽ ኮልጌት አይደለም። ያጻፈሽ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ናት። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። አይ፣ አዲሱ ጥርስ ጥቁር ሆኖ አይበቅልም። የወተት ጥርሱን ያጠቆረው መበስበስ ነው፤ መበስበስ ደግሞ ለተተኪው ጥርስ አይወረስም። ልጅሽን አላበላሸሽውም። ዛሬ ማታ ተኚ።

ነገ ግን ክሊኒክ ውሰጂው። ምክንያቱም ተተኪውን ጥርስ ሊጎዳው የሚችል አንድ ነገር አለ፤ የወተት ጥርሱ ሥር ስር ተቀብሮ የሚቆይ መግል። ጉንጩ ያበጠው ለዚህ ነው። አሞክሳሲሊኑ እብጠቱን አስተኛው እንጂ ምንጩን አላደረቀውም። የበሰበሰው ጥርስ እስካልታከመ ወይም እስካልተነቀለ ድረስ ይመለሳል። እህቴ፣ የተረፈ መድኃኒት እኮ ወጥ አይደለም፣ ለነገ የሚቀመጥ። መጠኑ የእህቱ ነው፣ በሽታውም የእህቱ ነበር። ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ዝም አልሽ! እብጠቱ የጠፋ ዕለት ነገሩ ያለቀ መሰለሽ። ከእንግዲህ ጉንጩ ካበጠና ካተኮሰው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። እብጠቱ ወደ ዓይኑ ከወጣ ወይም አገጩ ስር ከወረደ፣ አፉን መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድልጮራም ሆነ ሌላ፣ ቅርብሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሩጪ።

አሁን ወደ «ይወድቃል» ልምጣ። ይቺ ቃል ስንት ልጅ እንዳስለቀሰች እኔ ነኝ የማውቀው።

አማትሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ ይወድቃል። መቼ? የፊት የፊቶቹ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ላይ መውደቅ ይጀምራሉ። የጠቆሩት ግን መንጋጋዎቹ ናቸው፤ እነሱ የሚወድቁት ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ልጅሽ አምስት ዓመቱ ነው። ቁጠሪው። አምስተኛ ክፍል ገደማ እስኪደርስ የሚያኝከው በእነሱ ነው። እያመመው ሊያኝክ ነው?

ሌላም አለ። የወተት ጥርስ ለተተኪው ቦታ ይጠብቃል። ቀፊራ ገበያ ላይ አንዷ ነጋዴ ቅርጫቷን አንስታ ብትሄድ ምን ይሆናል? ጎረቤቷ ወዲያው ጨርቋን ሳብ አድርጋ ትጠጋለች። ባለቤቷ ስትመለስ ቦታ የለም። ጥርስም እንደዚያው ነው። መንጋጋው ያለጊዜው ከተነቀለ ጎረቤቶቹ ይጠጋሉ፤ አዲሱ ሲመጣ ተጣሞ ይወጣል ወይም መውጫ ያጣል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚሞላ ከሆነ ይሞላል። መነቀል ካለበትም ይነቀላል፤ ያኔ ቦታውን የሚጠብቅ ነገር ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቂ።

ከሁሉ የባሰው ግን የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ነው። ይሄ ጥርስ ቦታ የሚለቅለት አንድም ጥርስ ሳይወድቅ፣ ከወተት መንጋጋዎቹ ጀርባ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይበቅላል። ስላልወደቀ ነገር ማን ያስባል? ሁሉም ሰው የወተት ይመስለዋል። አንድ ጊዜ አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። አፏን ከፍታ በመስታወት ሳየው ትልቁ የታች መንጋጋ መሃሉ ጎድጉዶ፣ ዙሪያው ብቻ እንደ ስኒ ጠርዝ ቀርቷል። አባትየው ዘና ብሎ «አቦ ዶክተር፣ ይወድቅ የለ!» አለኝ። ይሄ ዕድሜ ልኳን የምትይዘው ነው፣ ሌላ ተተኪ የለውም ስለው ዝም አለ። ልጅቷን አላያትም፤ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። ያንቺ ልጅ ያ ጥርስ ሊበቅልለት አንድ ዓመት ገደማ ነው የቀረው። አሁን ያላስለመድሽውን መቦረሽ ያኔ ከየት ታመጪዋለሽ?

ውሃውን ተዪው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ስለሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ በእሱ ያሳብባል። ቅርፊቱ ጥርስ አያበሰብስም። የሚያበሰብሰው ስኳር ነው፤ በተለይ ማታ። ልጅ ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፣ ስኳሩን የሚያጥብለት የለም። ወተቱን ከመቦረሹ በፊት ይጠጣ። ስኳሩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀንሺ፣ አያውቅብሽም። ከብሩሽ በኋላ ውሃ ብቻ። ቀን ቀን በሙቀቱ አንዲት ለስላሳ ይዞ እየተጎነጨ መዋሉም እንደዚያው ነው።

አልጋ ስር ስለመግባቱ አትጨነቂ፣ ደህና ልጅ ነው። «እንቦርሽ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ከጠየቅሽው እንቢ ሊል ይችላላ። «ቀዩን ነው ሰማያዊውን?» በይው። ሁለት ብሩሽ ግዢ፣ ምርጫው የሱ ይሁን። ሰዓቱ አይለዋወጥ፤ ከራት በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት። አማትሽ መፋቂያ የሚፋቁ ከሆነ አጠገባቸው አስቀምጪው፤ እሳቸው መፋቂያቸውን፣ እሱ ብሩሹን። ልጅ ከምክር ይልቅ አያቱን ይሰማል። እሳቸውም «ይወድቃል» ማለቱን ይተዋሉ።

መጀመሪያ እሱ ይቦርሽ፣ ቀጥሎ አንቺ። ጭንቅላቱን ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ ከንፈሩን ገለጥ አድርጊና የኋላዎቹን ቦርሺ። ሁለት ደቂቃ፤ አንድ አጭር ዘፈን ዘፍኚለት። ሰባት፣ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ለብቻው አትተዪው። ያለቀሰ ቀን ግማሽ ደቂቃም ቢሆን ይቦረሽ፣ ግን አይዘለል። ጠዋትና ማታ ነው ደንቡ። አንዱ የግድ ከቀረ ጠዋቱ ይቅር፤ ማታው አይቀርም። ውሃ የጠፋ ቀንም ምክንያት አይሆንም፤ ብሩሹን የምታረጥቢበት ጥቂት ውሃ ይበቃል። አረፋውን ይትፋ እንጂ አይጉመጥመጥ፤ ኮልጌቱ ውስጥ ያለው፣ ጥርስ የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ይቆይ።

ኮልጌቱ? እኛ ሁሉንም ኮልጌት እንላለን እንጂ ስሙ ምንም ይሁን ግድ የለም። ማሸጊያው ላይ ፍሎራይድ የሚል ይኑር፣ መጠኑ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (ማሸጊያው ላይ ppm ተብሎ የሚጻፈው) ይሁን። የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ጨምሪለት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ይበቃል። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ሙሉ የሚሸፍኑት ቶሎ እንድትጨርሺውና ሌላ እንድትገዢ ነው።